ሰሌዳውን ያልሸጠችው ሠዓሊ

ባለፈው ዓመት ከገና በፊት ከአባሎቻችን አንዷ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ጥልፍ ሠሪ ናት። ንድፉን ከሰው አትቀዳም፤ ራሷ ናት የምታወጣው። ደብተሯ ላይ «ለነጋዴ የተሸጠ፣ 4,000 ብር» የሚል መስመር አየሁና «ይሄ ስንት ቀሚስ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀሚስ አይደለም አለችኝ። የሸጠችው ንድፉን የሣለችበትን ወረቀት ነው። ገንዘቡን ስትቀበል ደስ ብሏት ነበር፤ ለአንድ ወረቀት 4,000 ብር ማን ይሰጣል? ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ያው አበባ፣ ያው ሐረግ፣ ሽሮ ሜዳ በየሱቁ ተሰቅሎ አየችው። ነጋዴውን ልትከስ አልመጣችም። ጥያቄዋ ሌላ ነበር፤ «እሺ፣ ይሄን ምን ብዬ ልመዝግበው? ምን እንደሸጥኩ እኔም አላውቅም» አለችኝ።

እኔም ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። ሻይ ስናፈላ ግን አንድ የገንዘብ ኖት ትዝ አለኝ። ኮሌጅ ሳለሁ የባንክ ሥራ ያስተምሩን የነበሩት መምህር ከአገልግሎት የወጡ የውጭ ገንዘቦች ያሳዩን ነበር። ከእነሱ መካከል የጀርመን 500 ማርክ ነበረበት። ፊቱ ላይ የአንዲት ሴት ምስል፣ ጀርባው ላይ አበባና አባጨጓሬ። «ንግሥት ናት?» ብለን ስንጠይቃቸው «አይደለችም፤ ሥዕል እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት ናት» አሉን። ስሟ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ይባላል። የዚያን ቀን የሰማሁት በዚሁ ቢያልፍም በኋላ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። የሥዕሏን ውበት ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔን የሳበኝ እንዴት እንደኖረችበት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የእሷ ዘመን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1647 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ነው። አባቷ ማቴዎስ ሜሪያን በመዳብ ላይ ሥዕል እየቀረጸ መጻሕፍት የሚያሳትም ስመ ጥር ሰው ነበር። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ሞተ። እናቷ ያገባችው ሁለተኛ ባል ያዕቆብ ማረል ደግሞ አበባ ሣይ ነበር፤ ሥዕል ያስተማራት እሱ ነው። ልጅቷ ያደገችው እንግዲህ ሥዕል የቤት ግድግዳ ጌጥ ብቻ ባልሆነበት ቤት ነው። ወረቀት በቁጥር ይገዛል፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፈላል፣ መጽሐፍ ለገበያ ይላካል። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት የሐር ትል እያረባች ትሉ እንዴት ጎጆ ሠርቶ እንደሚተኛና ክንፍ አውጥቶ እንደሚወጣ እያየች ትሥል ጀመር። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ ውስጥ በራሱ የሚፈጠር ይመስለው ነበር።

በ1665 የእንጀራ አባቷ ተማሪ የነበረውን ዮሐን አንድሬያስ ግራፍን አገባች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ባሏ ከተማ ወደ ኑረምበርግ ሄዱ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ለእኛ የሚቀርበው።

በኑረምበርግ የሠዓሊዎች የሙያ ማኅበር ደንብ ነበረው። ሴት በዘይት ቀለም ሥላ መሸጥ አትችልም። ትልቁ ገንዘብ ያለው ደግሞ በዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ነው። ለሴት የተተወላት የውሃ ቀለም፣ ብራናና ወረቀት፣ ጥልፍና ጨርቅ ነው። ሜሪያን ደንቡን ስትታገል ዕድሜዋን አልፈጀችም። በተተወላት በኩል ምን ያህል በር እንዳለ ቆጠረች። የሀብታም ቤት ልጃገረዶችን ሰብስባ ሥዕልና ጥልፍ ታስተምር ነበር፤ ይህ ቋሚ ገቢዋ ሆነ። ተማሪ ቀለም ያስፈልገዋልና ቀለም እየቀመመች ትሸጥ ነበር። ሲታጠብ የማይለቅ ቀለም አዘጋጅታ ጨርቅ ላይ ትሥል ነበር፤ በ1675 የታተመ የሠዓሊዎች ታሪክ መጽሐፍ ሳይቀር ይህን ሙያዋን አንስቶ ያመሰግናታል። እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የማየው እንዲህ ነው፦ አራት ዓይነት ገቢ ነበራት፣ የሁሉም ምንጭ ግን አንድ ሙያ ነው። ከእኛ መካከል ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥልፉን ትታ ሽንኩርት ለመነገድ የምትወጣ ብዙ ናት። አልነቅፍም፣ ልጅ ማብላት አለ። ግን አንዷ ሥራ ሌላዋን ስታግዝና አንዷ ሌላዋን ስታስጥል ልዩነቱ በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ላይ ይታያል።

አራተኛው ገቢዋ መጽሐፍ ነበር። በ1675፣ በ1677 እና በ1680 የአበባ ሥዕሎች መጽሐፍ በሦስት ክፍል አወጣች። እያንዳንዱ ክፍል አሥራ ሁለት ሥዕል ነበረው። ገዢዎቹ የጥበብ ሰብሳቢዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ መጽሐፉ ጥልፍ ለሚጠልፉና ሥዕል ለሚማሩ ሰዎች ንድፍ እንዲሆን ነበር የተዘጋጀው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ቅጂ በጣም ጥቂት ነው፤ ሴቶቹ ሲሠሩበት አልቋል። ሦስቱ ክፍሎች በተራ ተሸጠው ሲያበቁ በ1680 አንድ ላይ አድርጋ «አዲሱ የአበባ መጽሐፍ» ብላ እንደገና አወጣቻቸው። ሠላሳ ስድስቱ ሥዕሎች ሁለት ጊዜ ሸጡ ማለት ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የመዳብ ሰሌዳን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀራጩ ሥዕሉን በተለሰነ መዳብ ላይ በሹል ብረት ይቀርጸዋል። በተቀረጸው መስመር ውስጥ ቀለም ይሞላል፣ ላዩ ይጠረጋል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጨመቃል። ወረቀቱ ሲነሣ ሥዕሉን ይዞ ይነሣል። ከአንድ ሰሌዳ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል፤ መስመሩ ሲደክም ደግሞ እንደገና ይሳላል። መዳቡ ውድ ነው፣ ቅርጹም ብዙ ቀን ይፈጃል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን የሚቀጥለው ቅጂ ወጪ ወረቀትና ቀለም፣ የአታሚም ዋጋ ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰሌዳው ቋሚ ንብረት፣ ወረቀቱ ዕቃ ነው። ዕቃ ይሸጣል፤ ቋሚ ንብረት የሸጠ ሰው ግን ነገ ምን ሊሠራበት ነው?

ያች እኅታችን ለነጋዴው የሰጠችው ሰሌዳውን ነበር።

ሜሪያን በ1679 የመጀመሪያውን የአባጨጓሬ መጽሐፏን አወጣች፤ ሁለተኛው በ1683 ተከተለ። እያንዳንዱ ሃምሳ ሰሌዳ አለው። በአንድ ገጽ ላይ እንቁላሉን፣ ትሉን፣ ጎጆውን፣ ቢራቢሮውንና የሚበላውን ተክል አንድ ላይ ትሥላቸዋለች፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ ያሳየ አልነበረም ማለት ይቻላል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ራሱ የንግድ ትምህርት ነው። የባሏን ስም ይዛ ትጠራለች፣ አጠገቡ ግን «የሟቹ የትልቁ ማቴዎስ ሜሪያን ልጅ» የሚል አስጽፋለች። አባቷ ከሞተ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ገዢው ግን ስሙን ያውቀዋል። መጽሐፉ የሚገኝበት ቦታ ደግሞ በባሏ ስም ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ምርጫ ነበራት ወይ የሚል ካለ፣ ብዙም አልነበራትም። ያላትን ስም ሁሉ ግን ሥራ ላይ አውላዋለች።

ትዳሩ አልጸናም። በ1680ዎቹ አጋማሽ እናቷንና ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በሆላንድ ፍሪስላንድ ወደሚገኝ ንብረትን በጋራ ወደሚያደርግ የሃይማኖት ማኅበር ገባች። ባሏ ሊመልሳት መጥቶ ሳይሳካለት ሄደ፤ በ1692 ፍቺው ጸና። እናቷ እዚያው ሞተች። በ1691 ሜሪያን ልጆቿን ይዛ አምስተርዳም ገባች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ባል የላትም፣ ከተማው አዲስ ነው። ከሁሉም በላይ ይህ ምዕራፍ ነው የሚያስደንቀኝ። እንደገና የአባቷን ስም ይዛ፣ ሥዕል እየሸጠች፣ ቀለም እየቀመመች፣ የደረቁ ነፍሳት እየነገደች ሥራውን ከታች ጀመረች። ልጆቿ ዮሐና ሄለናና ዶሮቴያ ማሪያም ሥዕል ተምረው አብረዋት ሠሩ።

በ1699 የሆላንዶች ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ሱሪናም ለመሄድ ቆረጠች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዞ የሚሄድ ምሁር ንጉሥ ወይም ትልቅ ድርጅት ይልከዋል። እሷን የላካት የለም፤ 255 ሥዕሎቿን ሸጣ ራሷን ላከች። ከመነሣቷ በፊት ኑዛዜ ጽፋ ሁለቱን ልጆቿን ወራሽ አደረገች። ይህችን ኑዛዜ ሳነብ ቆም አልኩ። ሥራ ስንጀምር ፈቃድ እናወጣለን፣ ማስታወቂያ እናሠራለን፣ ሪባን እንቆርጣለን። «እኔ ብሞት ይህ ማሽን፣ ይህ የብድር ዕዳ፣ ይህ ንድፍ የማን ነው?» የሚለውን የጻፈች ስንት ናት? ከአባሎቻችን መካከል ደብተራቸውን ካየሁላቸው አንዲትም አላገኘሁም። እኔም ራሴ አልጻፍኩም።

ሱሪናም ውስጥ ከዶሮቴያ ጋር ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆየች። ሸንኮራ አገዳ የሚያለሙት ነጮች ከስኳር ሌላ ነገር ፍለጋ መጣች ብለው ያላግጡባት ነበር። ሙቀቱና ሕመሙ ሲበረታባት በ1701 ተመለሰች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጫካውን መንገድ የጠረጉላት፣ ትሎቹን የሰበሰቡላት፣ የተክሎቹን ጥቅም የነገሯት የአገሬው ተወላጆችና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። በመጽሐፏ ውስጥ ታነሣቸዋለች፤ ባሪያዎቹ ሴቶች በጌቶቻቸው እጅ የሚደርስባቸውን ግፍና ልጆቻቸው ለባርነት እንዳይወለዱ ሲሉ የሚያደርጉትን ጽፋለች። ስማቸውን ግን አልጻፈችም። አንዲት የአገሬው ተወላጅ ሴት ይዛ ወደ አምስተርዳም ተመልሳለች፤ የእሷም ስም የለም። በመጽሐፉ ዋጋ ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ድካም አልተቆጠረም። አድናቂዋ ብሆንም ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

ከተመለሰች በኋላ ያለው አራት ዓመት የሥራ ፈጠራ ትምህርት ቤት ነው ብል አላጋነንኩም። ትልቁን መጽሐፍ ልታወጣ አስባለች፤ ስልሳ ሰሌዳ፣ ትልቅ ወረቀት፣ በላቲንና በሆላንድ ቋንቋ። ገንዘብ የላትም። በመጀመሪያ በአልኮል ጠርሙስ ያመጣቻቸውን እባቦችና እንሽላሊቶች ለሰብሳቢዎች ሸጠች። ቀጥላ ለምታውቃቸው ሊቃውንት ደብዳቤ እየጻፈች መጽሐፉ ሳይታተም አስቀድመው የሚከፍሉ ተመዝጋቢዎች ፈለገች፤ አስቀድሞ ለከፈለ ዋጋው ይቀንስለታል። የጀርመንኛና የእንግሊዝኛ ኅትመትም አስባ ነበር፤ በቂ ተመዝጋቢ ስላልተገኘ አላሳተመቻቸውም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያየው ይሆናል። እኔ ከምወድላት ውሳኔዎች አንዱ ነው። ገዢ ሳይቆጠር ሁለት መቶ ሻሽ አሠርተን ለባዛር ወጥተን ሁለት መቶውን ይዘን የተመለስንበትን ዓመት የሚያስታውስ ይረዳኛል።

ሦስት ሰሌዳ ብቻ ራሷ ቀረጸች፤ የቀሩትን ለሌሎች ቀራጮች ከፍላ አሠራች። ራሷ ብትቀርጽ ገንዘብ ትቆጥብ ነበር፣ ነገር ግን ዓመታት ይፈጅባት ነበር። መጽሐፉ በ1705 ወጣ። ገዢው እንደ አቅሙ ይመርጣል፤ ቀለም ያልተቀባ አለ፣ በእጅ ቀለም የተቀባ አለ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሦስተኛው ነው። ከሰሌዳው ገና የወጣውን ኅትመት ቀለሙ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ አድርገው እንደገና ይጫኑታል። በሁለተኛው ወረቀት ላይ የሚወጣው መስመር ፈዘዝ ያለ ነው፣ የመዳቡ ጠርዝም ምልክት አይተውበትም። በላዩ ቀለም ሲቀባ ከሥር ኅትመት እንዳለ አይታወቅም፤ በእጅ የተሣለ ይመስላል። ዋጋውም እንደዚያው ይጨምራል። አንድ መዳብ፣ ሦስት ዓይነት ዕቃ፣ ሦስት ዓይነት ደንበኛ።

የምለያያት በአንድ ነገር ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ትርፍ እንዳልፈለገች፣ ወጪዋ ከተመለሰላት እንደሚበቃት ጽፋለች። ይህን ሳነብ ሳቅም ንዴትም መጣብኝ፤ ምክንያቱም በየሳምንቱ የምሰማው ቃል ነው። «ወጪዬን ካወጣሁ ይበቃኛል።» ወጪ ስትሉ ጨርቁንና ክሩን ነው የምትቆጥሩት። ሌሊቱን የተቀመጣችሁበት ወንበር፣ መብራቱ፣ ዓይናችሁ፣ ልጃችሁን ያየችላችሁ ጎረቤት አይቆጠሩም። ሜሪያንም ወረቀቱንና ቀራጩን ቆጥራ ይሆናል፤ የሁለት ዓመት ጉዞዋንና በሕመም የተጎዳ ጤንነቷን ግን በየትኛው መስመር ጻፈችው?

በ1713 እና በ1714 የድሮዎቹን የአባጨጓሬ ሰሌዳዎች አውጥታ በሆላንድ ቋንቋ አሳተመቻቸው። የተቀረጹ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ከተማ ለውጠዋል፣ ትዳር ፈርሶባቸዋል፣ አሁንም ገቢ ያስገባሉ። በ1715 ገደማ ግን ግማሽ አካሏን ሽባ አደረጋት። ጥር 13 ቀን 1717 ሞተች። በቀብር መዝገቡ ላይ ስሟ የተጻፈው አቅም ከሌላቸው ድሆች ጋር ነው። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ በዚያው ክረምት አምስተርዳም ነበር፤ የሐኪሙ ሰው መጥቶ የውሃ ቀለም ሥዕሎቿን በብዛት ገዛ። ዶሮቴያ የእናቷን ሦስተኛ የአባጨጓሬ መጽሐፍ አሳተመች፣ ከዚያም ሰሌዳዎቹን ኦስተርዋይክ ለሚባል የአምስተርዳም አሳታሚ ሸጣ ከባሏ ጋር ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደች። አሳታሚው በ1719 አሥራ ሁለት ሥዕል ጨምሮ የሱሪናሙን መጽሐፍ እንደገና አወጣ። ከእሱም በኋላ ሌሎች አውጥተውታል። የዚያ ሁሉ ኅትመት ገቢ ወደ ሜሪያን ቤት አልመጣም። ዶሮቴያን አልፈርድባትም፤ ያን ያህል መዳብ በመርከብ ተጭኖ ሩሲያ አይሄድም።

ለጥያቄዋ መልስ ልስጥ። ያቺን የ4,000 ብር መስመር «የንድፍ ሽያጭ» ብለን መዘገብናት፤ ከዕቃ ሽያጭ ለይተን ለብቻዋ። ከዚያ ወዲህ ደብተሯ ላይ አዲስ ገጽ ከፍተናል። የምታወጣው ንድፍ ሁሉ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፣ ዋናው ወረቀት ከቤት አይወጣም፣ የሚወጣው ቅጂ ነው። ነጋዴ ሲመጣ ንድፉን እንድትሸጥለት ሳይሆን እንድታከራየው ትጠይቀዋለች፤ ለስንት ቀሚስ፣ እስከ መቼ የሚለው በጽሑፍ ሆኖ ሁለቱም ይፈርሙበታል። በአገራችን አዲስ የሆነ የኢንዱስትሪ ንድፍ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ ያገኛል፤ ጥበቃው አምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ይታደሳል። ከአያቶቻችን የወረስነው ጥለት የሁላችን ነውና በዚህ አይመዘገብም፤ አንቺ ከልብሽ ያወጣሽው ግን ይመዘገባል። ማመልከቻውን መሙላት ለከበዳት ቅዳሜ ከሰዓት በማኅበሩ ቢሮ አለሁ።

ሰዓቷንም መጻፍ ጀምራለች። የጥምቀት ቀሚስ ስታስብ ክርና ጨርቁ 1,900 ብር ነበር፣ ልትሸጥ ያሰበችው ደግሞ በ2,500። ሰዓቱ ሲደመር አርባ ስድስት ሆነ። ስድስት መቶውን ለአርባ ስድስት አካፍለን ውጤቱን ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን። አዲሱን ዋጋ ስትነግራት ደንበኛዋ ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችባት። ከሦስት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲያልቅ ልክፈል ብላ። እስካሁን በዋጋው እየተከራከሩ ነው።